ጠቋሚና ደላላ

“ምን ላንብብ?” ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ደስ ይለኛል። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ በውስጡ እምነት አለበት። ጠያቂው ከዕድሜው ላይ ሁለት ሳምንት ቆርሶ “እንዳሉኝ አደርጋለሁ” ማለቱ እኮ ነው። ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ፣ ዛሬ መንገድ ላይ የሚያገኙኝ የድሮ ተማሪዎቼ የሚያነሱልኝ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የደከምኩበትን ሳይሆን ኮሪደር ላይ ቆሜ “ይህንን አንብብ” ያልኳቸውን መጽሐፍ ነው። (ይህ ለአንድ መምህር ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስካሁን አልለየሁትም።)

ያኔ ጥቆማ ተመን አልነበረውም። ከኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት አንድ ቅጂ ይወጣል፤ ስድስት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ይገባል፤ አንድ ሆኖ የገባው አምስት ሆኖ ይወጣል፤ የቅጂ መብት ነገር ሌላ ቀን ይነሣ። አምስቱም በየዶርሙ ተራ ይያዝላቸዋል። መጽሐፉ ያልጣመው ተማሪ በማግስቱ ቢሮዬ ድረስ ይመጣና “መምህር፣ ይቺን ነገር ለምንድን ነው ያነበብኳት?” ይለኛል። መልስ መስጠት ነበረብኝ። የጠቋሚ ዕዳው ይኸው ነበር፤ ትርፉም ይኸው።

አሁን ለጥቆማ ተመን ወጥቶለታል፤ ያውም በመቶኛ። “አፊሊየት” ይሉታል። አንድ ሰው ድረ ገጽ ይከፍትና ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ድስት፣ ስለ ጫማ፣ ደስ ስላለው ነገር ይጽፋል። የዕቃው ስም ላይ የእሱን መለያ የያዘ ሊንክ ያስቀምጣል። አንባቢው ሊንኩን ሲጫን ወደ ሱቁ ይወሰዳል፤ ከገዛ ለጸሐፊው ድርሻ ይታሰብለታል። አንባቢው በዚህ የተነሣ አንድ ሳንቲም አይጨምርም፤ ድርሻው የሚወጣው ከሱቁ ነው። አሠራሩን በዓለም ያስፋፋው አማዞን ነው። በ1995 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሱቁን ከፈተ፣ በ1996 ደግሞ ይህንን ፕሮግራም ጀመረ። ልብ በሉ፣ ያኔ የሚሸጠው መጽሐፍ ነበር። የዚህ ሁሉ ነገር መነሻ እንግዲህ መጽሐፍ ጠቋሚው ነው፤ የእኔ ቢጤ።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ አንድ የድሮ ተማሪዬ ነው። ኑሮው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ቀን ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ማታ ማታ ስለ አበሻ ምግብ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ከጽሑፎቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያነብለት እንጀራ በአሜሪካ ኩሽና እንዴት እንደሚጋገር የሚያስረዳው ነው። እዚያ ላይ የሚጠቁመው ምጣድ ታሪክ አለው። አዮዋ የሚገኝ አንድ ኩባንያ የሚሠራው፣ ኖርዌጂያውያን “ሌፍሴ” የሚሉትን ስስ የድንች ቂጣ የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የእኛ ሰዎች አገኙትና እንጀራ ጋገሩበት። ተማሪዬም በዚሁ ነው የሚጋግረው፤ ዐይን ሲያወጣለት ፎቶ እያነሣ ይልክልኛል። የሚያውቀውን ዕቃ ነው የሚጠቁመው፤ በዚህ ነገር የለኝም።

ሰንጠረዡንም አሳየኝ። ለታተመ መጽሐፍና ለኩሽና ዕቃ 4.5 በመቶ ይላል። 18 ዶላር ከሚሸጥ ልብወለድ 81 ሳንቲም፤ ምጣዱ 150 ዶላር ቢሸጥ 6 ዶላር ከ75 መሆኑ ነው። በዚህ ዓይነት ሥራ የበለጸገ የለም አይባልም። ዕቃ እየፈተሸ የሚጠቁመውን ዋየርከተር የተባለ ድረ ገጽ ኒውዮርክ ታይምስ በ2016 በ30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶታል። የአብዛኛው ሰው ድርሻ ግን ሳንቲም ለቀማ ነው። ሕጉም ቀላል አይደለም። በ180 ቀን ውስጥ ሦስት ሽያጭ ያላመጣ ይሰናበታል። በራስ ሊንክ ለራስ መግዛት ክልክል ነው። ዘመድና ጓደኛን “በእኔ በኩል ግዙ” ማለትም እንደዚያው። አበሻ ሱቅ ሲከፍት መጀመሪያ የሚጠራው ዘመዱን አይደል? እሱን ከለከሉን።

ከሁሉ የገረመኝ የ24 ሰዓቱ ነገር ነው። አንባቢው ሊንኩን ሲጫን ኮምፒዩተሩ ላይ አንዲት ምልክት ትቀመጣለች። “ኩኪ” ይሏታል፤ ብስኩት መሆኗ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ሰውዬው ከሱቁ የሚገዛው፣ የተጠቆመው ዕቃ ባይሆንም፣ ለጠቋሚው ሊታሰብ ይችላል። ማን እንደገዛ አይነገረውም፤ ምን እንደተገዛ ግን ዝርዝሩ ይመጣለታል። አንድ ቀን በስልክ አነበበልኝ። ስለ ሽሮ ከጻፈው ገጽ ተነሥተው የሄዱ ሰዎች ዳይፐር፣ የእጅ ባትሪና የውሻ ምግብ ገዝተዋል። “ጋሼ፣ በሽሮ ስም የውሻ ምግብ ሸጥኩ!” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ለነገሩ ሥራው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ደላላ ነው። ቃሉ ከዐረብኛው “ደላል” የመጣ ሲሆን፣ የዐረብኛው ሥር ማመልከትን፣ መንገድ ማሳየትን የያዘ ነው። በእኛ አማርኛ ደግሞ “ደለለ” ስንል አባበለ፣ ሸነገለ ማለታችን ነው። የመዝገበ ቃላት ሰዎች ሁለቱን በየፊናቸው ያስቀምጧቸው ይሆናል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የኪራይ ቤት የፈለገ ሰው ግን አንድ ላይ ያውቃቸዋል።

እኔ በበኩሌ ደላላን ከሚሰድቡት ወገን አይደለሁም። የሰፈሬ ደላላ ቤት ሲያሳየኝ “ውሃ በየቀኑ ይመጣል” ይለኛል። አላምነውም። እንደማላምነው ያውቃል። እሱ እያወራ እኔ ቧንቧውን እከፍታለሁ፤ አይቀየመኝም። ደላላነቱ ከፊቱ ስለሚነበብ የምሰማው በገዢ ጆሮ ነው። ድረ ገጽ ላይ የሚጠቁመኝ ሰው ግን በወዳጅ ድምፅ “ይህን መጽሐፍ ሳነብ ሌሊቱ ነጋ” ይለኛል። እኔም በወዳጅ ጆሮ እሰማዋለሁ። ቧንቧ ልክፈት አልልም።

አሜሪካኖቹም ይህ ሳይገባቸው አልቀረም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው በ2009 መመሪያውን ሲያሻሽል፣ በድረ ገጽ የሚጽፉ ሰዎች ከሻጭ የሚያገኙት ጥቅም ካለ ለአንባቢ እንዲገልጹ የሚል አካተተ። አማዞንም በውሉ ያስገድዳል። የተማሪዬ ገጽ መግለጫው ነበረው፤ በእንግሊዝኛ፣ ከገጹ ግርጌ፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል። “በአማርኛም ይኑር” ስለው “ብቁ ከሆኑ ግዢዎች ገቢ አገኛለሁ” ብሎ ተርጉሞ ላከልኝ። ብቁ የሆነ ግዢ! ግዢው ፈተና ተፈትኖ ነው ብቁ የሆነው? እኔ እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ “ከዚህ ገጽ ተነሥታችሁ ብትገዙ ለእኔ ሳንቲም ይደርሰኛል።” “ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሰው ያስደነግጣል” አለ። ቃላቱ ከብደው አይመስለኝም፤ ስለገቡ ነው። ሳምንት ያህል አቅማማና ከገጹ አናት ላይ አወጣው። ያነበበው ሰው የሄደ የለም።

ታዲያ ባለፈው ክረምት አዲስ ሐሳብ ይዞ ደወለ። “የመጽሐፍ መደርደሪያ” የሚል ክፍል ሊከፍት ነው። “12 መጻሕፍት ይምረጡልኝ፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንቀጽ ይጻፉልኝ፤ የሚገኘውን እኩል እንካፈላለን” አለኝ። የጋዜጣ ዓምድ ምን እንደሚከፍል የሚያውቅ ሰው ይህንን በቀልድ አያየውም። ዶላር ደግሞ ዶላር ነው፤ በ2024 ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህማ ምኑ ይነገራል።

ዝርዝሩን ሠርቼ ላክሁ። በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ፦ “ጋሼ፣ ሰባቱ ሊንክ የላቸውም።”

ሊንክ የተገኘላቸው አምስት ናቸው። የዲናው መንግስቱ “ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ” (2007) አለ፤ ዋሽንግተን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ስለከፈተ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ የሚተርከው ማለት ነው። የማዓዛ መንግሥቴ “ዘ ሻዶው ኪንግ” አለ፤ በ2019 ታትሞ በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር የገባው። ዳኛቸው ወርቁ በእንግሊዝኛ የጻፈው “ዘ ሰርቲንዝ ሰን” (1973) አሮጌ ቅጂው ተገኝቷል። ሁለት ሌሎችም አሉ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው። የወደቁት ሰባቱ ሁሉም በአማርኛ የተጻፉ ናቸው። በኩራዝ አሳታሚ ጊዜ አንድ ጊዜ ታትሞ የቀረ የአጭር ልብወለድ መድበል አለበት። ደራሲው በራሱ ገንዘብ አሳትሞ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ የሸጠው ልብወለድ አለበት። ግጥሞች አሉ። “በሌላ ብንተካቸውስ?” አለኝ ተማሪዬ፤ በትሕትና ነው።

የዚህ ሥራ ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚፈራው ውሸትን ነው፤ ለኮሚሽኑ ሲል መናኛውን ዕቃ ማሞገስን። ያ አለ። የለየለት ስርቆትም አለ። በዓመታት ውስጥ ከኢቤይ 28 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ኮሚሽን የተከፈለው አንድ ሰው፣ ያቺን ብስኩት ማንም ምንም ሳይጫን በሰዎች ኮምፒዩተር ላይ ሲያስቀምጥ ተገኝቶ በ2014 አምስት ወር ታስሮበታል። ለሌባ ፍርድ ቤት አለ። እኔን ያሳሰበኝ ሐቀኛው ሰው ነው። ተማሪዬ አንዲት ቃል ዋሽልኝ አላለኝም። በምትካቸው ያሰባቸው መጻሕፍትም መጥፎ አይደሉም፤ እንዲያውም ሁለቱን እወዳቸዋለሁ። የጠየቀኝ ስለ ሰባቱ ዝም እንድል ነው። ዝምታ ደግሞ ከገጹ አናት ላይ መግለጫ አይጻፍለትም። ዛሬ ሰባቱን አውጥቼ እተካለሁ፤ በሚቀጥለው ዝርዝር ማንም ሳይነግረኝ ከመነሻው አልጽፋቸውም፤ በሦስተኛው ትዝም አይሉኝ። እጅ መንገድ ይለምዳል። ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገ ልጅ “የአባቶቼ አገር ሥነ ጽሑፍ ምን ይመስላል?” ብሎ ያንን መደርደሪያ ቢከፍት፣ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እንዳለ ሳያውቅ ዘግቶት ይሄዳል። ማንም ሳይዋሸው።

በዚያ ላይ ተመኑ በደላላው እጅ አይደለም። በ2020 ሚያዝያ፣ ዓለም በኮሮና ምክንያት ቤቱ ተቀምጦ ሳለ፣ አማዞን የብዙ ዕቃዎችን ድርሻ ቀነሰ፤ የቤት ዕቃ ከ8 ወደ 3 በመቶ ወረደ። ስለ ሶፋና አልጋ በመጻፍ የሚተዳደሩ ሰዎች ደብዳቤ ደርሷቸው አደሩ፣ አለቀ። የእኔ ሰፈር ደላላ እንዲህ ቢደረግ መንገድ ነበር የሚዘጋው።

ለተማሪዬ ዝርዝሩ 12 እንደሆነና እንዳለ እንዲወጣ ነገርኩት። ሊንክ ያለውም የሌለውም በአንድ መደዳ፣ እኔ ባስቀመጥኩት ቅደም ተከተል፤ የሌለው ሥር “በዚህ ሱቅ የለም” ብሎ ይጻፍ። “ጋሼ፣ ሰው የማይገኝ ነገር ሲያይ እኮ ገጹን ትቶ ይሄዳል” አለኝ። “ይሂድ” አልኩት። ግማሽ ድርሻዬን ግን አልተውኩም። የደከምኩበት ነው፤ መግለጫውም አናቱ ላይ አለ። በሦስት ወር ለሁለታችን የደረሰን 23 ዶላር ከ40 ነው። ከዚህ ውስጥ ከመጽሐፍ የመጣው ከግማሽ ያንሳል፤ ትልቁን ድርሻ ያመጣችው የማናውቃት የፀጉር ማድረቂያ ናት።

መደርደሪያው ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣው ከሚኒሶታ ነው። አንዲት ሴት ናቸው። “በዚህ ሱቅ የለም” ከተባሉት አንዱን፣ ያንን የአጭር ልብወለድ መድበል፣ አባታቸው ቤት በልጅነታቸው አይተውት ኖሮ “የት ይገኛል?” ይላሉ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወደማውቀው አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሄድኩ። ርዕሱን ስነግረው ጥቂት አሰበና “አለ፤ ግን እኔ ጋ አይደለም። የያዘውን ሰው ዐውቀዋለሁ” አለኝ።

“ስንት ይላል?”

“ዋጋውን ከእሱ ጋር ትነጋገራላችሁ። ለእኔ የማፈላለጊያ 200 ብር።”

ቅጂው ደህና መሆኑን ጠየቅሁት።

“ሽፋኑ ተቀዷል፤ ገጹ ግን ሙሉ ነው። አንድ ገጽ ከጎደለ አይክፈሉኝ። ማክሰኞ ብቅ ይበሉ።”