ለጊዜው የተሰጠ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የተራራን ስም ግን አንዳንዴ ቀያሽ ነው የሚያወጣው፤ ያውም ተቻኩሎ።

ኮድ የምንጽፍ ሰዎች ነገሩን እናውቀዋለን። «ለአሁኑ ቴምፕ 2 ትባል፣ ነገ አስተካክላታለሁ» እንላለን፤ ከአምስት ዓመት በኋላም እዚያው ናት። የዓለም ሁለተኛው ረጅም ተራራም ስሙን ያገኘው እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ቶማስ ሞንትጎመሪ የተባለ የብሪታንያ ቀያሽ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሁለት ጫፎች አየና ኬ1፣ ኬ2 ብሎ መዘገባቸው። «ኬ» ካራኮረም ለማለት ነው። ኋላ ኬ1ን የአገሬው ሰው ማሸርብሩም እንደሚለው ታወቀና ተተካ። 8,611 ሜትር የሚረዝመው ኬ2 ግን ከመንደሮቹ እምብዛም ስለማይታይ የታወቀ የአካባቢ ስም አልተገኘለትም። በቁጥሩ ቀረ።

እሺ፣ ይሄ ይገባኛል። የኤቨረስት ነው የሚያበሽቀኝ። ቲቤቶች ቾሞሉንግማ ይሉታል። ቀያሾቹ ግን «ፒክ 15» ብለው መዘገቡት፣ ቀጥለውም የአካባቢ ስም አላገኘንለትም ብለው በቀድሞ አለቃቸው በጆርጅ ኤቨረስት ስም ጠሩት። ሰውዬው ራሱ ተቃውሞ ነበር፤ ሕንዶች ስሜን መጥራትም መጻፍም ይቸግራቸዋል ብሎ። የሰማው የለም፤ በ1865 ጸደቀ።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ራስ ደጀን አለ። በውጭ ካርታዎች «ራስ ዳሸን» ሆነ፤ እኛም ተቀብለን ባንክና ቢራ ሰየምንበት።

የምሠራበት ቡድን ለተጓዦች የካርታ መተግበሪያ ሲሠራ ለአንድ ቦታ የነበረው አንድ የስም ሳጥን ብቻ ነው። ራስ ደጀን ላይ ስደርስ አለቃችን «ሰው ፈልጎ የሚያገኘውን ጻፍ» አለኝ። ሐሳቡ ስህተት አይደለም፤ ሰው ካላገኘው ካርታው ምን ይሠራል? ግን ሳጥኑ አንድ ከሆነ ሁሌም የሚያሸንፈው በብዛት የተጻፈው ነው፤ የተጻፈው ደግሞ ይበልጥ ይጻፋል። ስለዚህ ለሌሎች ስሞች ሁለተኛ ሳጥን ይጨመር ብዬ ተከራከርኩ። የሁለት ቀን ሥራ ነበር፤ ተጨመረ።

የትኛው ስም ከላይ ይታይ የሚለውን ግን ኮድ አይመልሰውም። እኔ ተራራው ሥር የሚኖረው ሰው የሚጠራበት ይቅደም ባይ ነኝ። ሌላው በፍለጋ ይገኛል፤ ማንም አይጠፋበትም።