እስኪ ስለ ጭንቀታችን እንጫወት

እስኪ ዛሬ ወሬያችንን ከኑሮ ውድነቱና ከቤት ኪራዩ ፈቀቅ እናድርገውና ስለ ራሳችን እንጫወት። ሰው ሲያገኘን “እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደህና? ሥራ እንዴት ነው?” ይለናል፤ እኛም “እግዚአብሔር ይመስገን” እንላለን። ምስጋናው ይገባል፤ አይቅር። እኔን የሚያሳስበኝ ሰላምታው አልቆ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ከልብ ወዳጃችን ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ ከ“ደህና ነኝ” አለማለፋችን ነው።

ባንክ ቤት በገንዘብ ያዥነት የምትሠራ አንዲት ወዳጅ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ከመስኮቷ ሰው አይጠፋም። አመሻሽ ላይ በሩ ሲዘጋ የእሷ ሌላው ሥራ ይጀመራል፦ ብሩ መቶ መቶ እየሆነ ይታሰራል፣ በእጅ የተቆጠረው በማሽን ይደገማል፣ ኮምፒውተሩ ከሚለው ጋር ይመሳከራል። አንድ ቀን 3 ሺህ ብር ጎደለባት። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ስታገላብጥ መሸ፤ አልተገኘም፤ ከደመወዟ ተቆረጠ። ዕዳው ተከፍሎ አለቀ፣ ፍርሃቱ ግን አብሯት ቤቷ ገባ። ራት እያቀረበች በልቧ ብር ትቆጥራለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትባንንና ዓይኗ ፈጦ ይነጋል። ጠዋት የባንኩ ደጃፍ ስትደርስ ሆዷን ይቆርጣታል። ክሊኒክ ብትሄድ “ጨጓራ ነው” አሏት፤ መድኃኒቱን ጨርሳም አልተሻላትም።

ሆዷን በእርግጥ ያማት ነበር። ጭንቀት እኛ ዘንድ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ በሰውነት በኩል ነው፦ ራስ ምታት፣ የትከሻ መክበድ፣ የልብ ድው ድው ማለት፣ ምግብ አልወርድ ማለት። ለዚህ ነው ዓይንም ደምም ሽንትም ተመርምረን፣ በሁሉም “ነፃ ነህ” ተብለን፣ አሁንም ታምመን የምንመለሰው።

ወደ አእምሮ ሐኪም ለመሄድ የምንዘገየው ስለማናውቅ ብቻ አይደለም፤ እናፍራለን። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ስንቱን ቤተሰብ ታድጓል። እኛ ግን ስሙን ስድብ አደረግነው። “ይሄስ አማኑኤል ነው የሚገባው” እየተባለ በሚሳቅበት ቤት ውስጥ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ልጅ ካለ፣ ያ ልጅ አፉን አይከፍትም። ሰውን ጤነኛና እብድ ብለን ለሁለት ስለከፈልነው፣ በመካከሉ ባለው ሰፊ ቦታ ላይ የሚንገላታው ሰው ወዴት ይጠጋ?

እዚያ መካከል ደግሞ ብዙ ሠራተኛ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጫና ስለሚመጣ መዛል ሲያብራራ ሦስት ነገሮችን ጠቅሷል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ልብ ከሥራው መሸሽ፣ የሚሠሩት ሁሉ ፍሬ የሌለው መምሰል። በሽታ አላለውም፤ በወጉ ሳይያዝ የከረመ የሥራ ጫና ውጤት ነው አለው። ይህ አነጋገር ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ጣቱን ወደ ሠራተኛው ብቻ አይቀስርም። ትናንት ባለጉዳይ በፈገግታ ያስተናግድ የነበረ ባልደረባችን ዛሬ ሲያመናጭቅ “ኮራ፣ ተበላሸ” እንላለን። ምናልባት ዝሎ ይሆናል፤ ማን ጠየቀው?

አለቆችም ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል። ማታ አራት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ግሩፕ “ነገ ጠዋት እንዲደርሰኝ” ብሎ መጻፍ የሰው እንቅልፍ መውሰድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ወስኖታል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ሠራተኛው ሥራ ላይ እያለ ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥንም ይከለክላል። ሕግ አውጪው ዕረፍቱ ራሱ እንደሚያስፈልግ ገብቶታል ማለት ነው። “እኔ ከሌለሁ ቢሮው አይሠራም” እያላችሁ ፈቃዳችሁን የምታከማቹ፣ እባካችሁ ውጡ።

ወደ ቡናችን እንመለስ፤ የዛሬው ዋና ነገሬ ያለው እዚያ ነው። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም አለ። እሱ ዘንድ ሕክምና ትከታተል የነበረች አንዲት ወጣት ሆስፒታል መድረሻ የአውቶቡስ ገንዘብ አጥታ ሕይወቷ አለፈ። ሐዘኑ እረፍት ነሳው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ፣ ምባሬ በተባለ ሰፈር፣ 14 አያቶችን አሠለጠነና በጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የተጨነቀ ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል። አያቶቹ መጀመሪያ ይሰማሉ። ከዚያ ካለበት ችግር ሁሉ አንዱን ብቻ እንዲመርጥ ያግዙታል፤ መፍትሔውንም ራሱ እንዲያገኘው አብረውት ያወጣሉ ያወርዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በ573 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሲታተም፣ አያቶቹ ዘንድ የተቀመጡት ከ6 ወር በኋላ ከሌሎቹ በእጅጉ ተሽሏቸው ተገኘ።

ወንበሩ እኛም ቤት አለ፤ ስኒውና ረከቦቱ ጭምር። የጎደለን መስማቱ ነው። ሰው “ከብዶኛል” ሲለን ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ “ተወው፣ ያልፋል”፣ “አንተ ብቻ መሰለህ?”፣ “ጸልይ” እንለዋለን። ጸሎቱ መልካም ነው፤ ግን መጀመሪያ ይጨርስ። ያቺን ወዳጄን የታደገቻት አንዲት ጠና ያለች ባልደረባዋ ናት። ቡና እየጠጡ ዝም ብላ አዳመጠቻትና “ከሁሉ የሚከብድሽ የቱ ሰዓት ነው?” አለቻት። “ሒሳብ መዝጊያው።” “በይ እሱን አብረን እንዘጋለን።” ከዚያ ቀን ጀምሮ አመሻሽ ላይ አንዷ ስትቆጥር ሌላዋ ትመሰክራለች። ሐኪም ዘንድም ይዛት የሄደችው እሷው ናት።

ቡና ላይ የማይፈታ ነገር አለና ይህን ያዙልኝ። ሐዘኑ ወይም ተስፋ መቁረጡ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ካልለቀቀ፣ ሥራና ቤት ካስተወ፣ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ሞትን ማሰብ የጀመረ ሰው ካለ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ነው፤ ብቻውንም አይተው። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ የሚወስደውን መድኃኒት ግን ሐኪሙ ሳያውቅ አያቋርጥ። ሕክምናው ዛሬ አማኑኤል ብቻ አይደለም፤ ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱ፣ ጅማ፣ ጎንደር አለ፤ በየክልሉ ሆስፒታሎችም በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶች አሉ። ሂዱ። ብቻችሁን መሄዱ ከከበዳችሁ “አብረኸኝ ሂድ” በሉ፤ “አብረሽኝ ሂጂ” የተባልሽውም፣ ምክንያት ሳትጠይቂ ነጠላሽን አንሺና ተነሺ።