ሜዳውም ነበር፣ ፈረሱም ነበር

እኛ የጉና ዙሪያ ሰዎች የተራራ ብስክሌት መንገድ እንዳንከፍት ምን ጎድሎን ነበር? ተራራ? ጉና አለ፤ ከባሕር ጠለል ከ4,100 ሜትር በላይ። አፋፍ? የስማዳ አፋፍ በሽሎን ቁልቁል ያያል፤ የእስቴ ቆላ ዓባይ ድረስ ይወርዳል። መንገድ? ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልዲያ መንገድ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አድርጎ ጨጨሆን ይሻገራል። እንግዳ? ከባሕር ዳር ላሊበላ በመኪና የሚሄደው ቱሪስት በደጃችን ነበር የሚያልፈው። ሜዳውም ነበር፣ ፈረሱም ነበር። ያጣነው አንድ ነገር ነው፤ ቁጭ ብሎ መክሮ «ይሁን» የሚል ሕዝብ። እሱም እኛ ነበርን።

የተራራ ብስክሌት መንጃ ስፍራ ሲባል ብዙዎቻችን ስታዲየም ይመስለናል። አይደለም። አስፋልት አይፈልግም። ሲሚንቶ አይፈልግም። የሚፈልገው ቀጭን የአፈር መንገድ ነው፤ ገደሉን እየታከከ የሚጠማዘዝ፣ ጎርፍ እንዳይቦረቡረው ውሃው ወደ ጎን የሚቀለበስለት። መታጠፊያው ላይ ምልክት ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ የግጦሹን ባለቤቶች ስምምነት ይፈልጋል። ክረምት ሲገባ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ? መንጋ ሲያልፍ ማን ይቁም? ከገቢው ለቀበሌው ስንት፣ ለመንገድ ጠባቂው ስንት? ይህን በጀት አይወስነውም፣ ኢንጂነር አይወስነውም። ይህን የሚወስነው ሽማግሌና ወጣት፣ ባለ እርሻና ባለ ከብት አንድ ላይ ሲቀመጡ ነው። ለድንበር ክርክር ስንት ቀን ተቀምጠናል? ለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ አጣን?

ጉልበት አልነበረንም እንዳንል፣ ከእኛ በላይ ማን ቆፍሯል? ከ1997 ጀምሮ ሴፍቲኔት በየወረዳችን አለ። እርከን ሠራን። የገጠር መንገድ ጠረግን። በየዓመቱ በበጋ ለተፋሰስ ሥራ ዶማና አካፋ ይዘን በነቂስ ወጣን። ዳገት እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ጎርፍ እንዴት እንደሚቀለበስ፣ ድንጋይ እንዴት እንደሚካብ እናውቃለን። የብስክሌት መንገድ የሚጠይቀውም ይኸንኑ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመቻ መካከል የጥቂት ሳምንት ጉልበት ለዚህ ብናውለው ማን ይከለክለን ነበር? ማንም። ግን እኛ ራሳችን አላሰብነውም።

ታሪክ የለንም? ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ በጥቅምት 1860 ከደብረ ታቦር አስነሥተው በጋይንት ደጋ አድርገው፣ በዋድላ አሳልፈው፣ ጅጣን ወርደው ወጥተው፣ በደላንታ አድርገው፣ በሽሎን ተሻግረው በመጋቢት መቅደላ አደረሱት። መንገዱን እያስጠረጉ ነው የሄዱት፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ። ሌላ ሕዝብ እንዲህ ያለ መንገድ ቢኖረው በየዓመቱ ከዓለም ዙሪያ ሰው ጠርቶ ያወዳድርበት ነበር። እኛስ? ደብረ ታቦር ላይ የተነሣ ጋላቢ የንጉሡን ፈለግ ተከትሎ፣ ነፋስ መውጫ አድሮ፣ በነጋታው ጨጨሆን ሲሻገር ማየት ምን ይሳነን ነበር? መድፍ ያለፈበት ምድር ብስክሌት አያሳልፍም?

እንግዳ ማሳደር አናውቅም የሚል ካለም ይፈር። ለድጓ ምስክርነት ቤተልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አባ እያለ ከየአገሩ የተነሣ ደቀ መዝሙር ለዘመናት በእግሩ ጋይንት ገብቷል። ማን አሳደረው? እኛ።

በጣም የሚያንገበግበው ግን ሩቅ አይደለም። ጎረቤታችን መቄት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመቄት ገበሬዎች ከሴቭ ዘ ችልድረን ጋር መክረው በዚያው አፋፍ ላይ፣ መቋት ማርያምን በመሰሉ ቦታዎች፣ የእንግዳ ጎጆ ሠሩ። ተስፋ ብለው ጀመሩት። እንግዳው በእግሩ ከመንደር መንደር ይሄዳል፤ አህያ ጓዙን ትሸከማለች፤ ገበሬው ይመራል፣ ያበስላል፣ ያሳድራል፤ ገቢውም ለመንደሩ ይሆናል። አፋፉ አንድ፣ ብርዱ አንድ፣ ገብሱ አንድ፣ ድህነቱም አንድ። እነሱ ጀመሩት። እኛ የሚያልፈውን መኪና አቧራ ቆጠርን። ከዚያ እስከ ኮሮና ከ15 ዓመት በላይ ነበረን። መቄት በእግር ካስኬደ፣ እኛ በጎማ ማስኬድ እንዴት አቃተን?

ሌሶቶን እንይ። ከፍተኛው ተራራዋ 3,482 ሜትር ነው፤ ጉና ከ600 ሜትር በላይ ይበልጠዋል። በፈረስና በእግር የተረገጡ የገበሬ መንገዶቿን የስድስት ቀን የተራራ ብስክሌት ውድድር አደረገቻቸው። ሩዋንዳን እንይ። በ1986 በዘር እልቂት ያለቀች አገር፣ መስከረም 2018 ላይ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ኪጋሊ ላይ አስተናገደች። ዳገቷ ከእኛ ዳገት ይበልጣል?

«ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ነው» አልን። ኢትዮጵያ በ1949 ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ፣ ሜልቦርን ላይ ብስክሌት ጋላቢዎቿም ነበሩ። ጸጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ባሕር ዳር፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ሠራተኛውም ተማሪውም በብስክሌት ይውላል። እንግዲህ ልጅ የነበረው ማን ነው?

«መንግሥት ይሥራው» አልን። «ባለሀብት ይምጣ» አልን። ይህን ስንል እርሻው ጉናን ሽቅብ ወጣ። ጓሳው እየተገፋ፣ አስታው እየተመነጠረ ሄደ። ርብና ጉማራ ከዚያ ተራራ ተነሥተው ነው ጣና የሚገቡት። ጓሳው ሳይታረስ ቆሞ ገንዘብ የሚያስገኝ ቢሆን ኖሮ ማረሻ ይገባበት ነበር? ተራራውን «ጠብቁት» የሚለውን ስብከት ሰማን እንጂ፣ ተራራው መልሶ የሚያበላንን መንገድ አልከፈትንለትም።

ከዚያ በሩ ተዘጋ። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ። ጥቅምት 2013 ጦርነት ተነሣ። ነሐሴ 2013 የትግራይ ኃይሎች ነፋስ መውጫን ለዘጠኝ ቀናት ይዘው የደረሰው ዘረፋና ግፍ የሚረሳ አይደለም። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ራሱ በጦርነት ውስጥ ነው። አሁን ማን በዚያ መንገድ ያልፋል? አሁን «ቱሪስት ቢመጣ ኖሮ» እንላለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጦርነቱን ግን መደበቂያ አናድርገው። ጦርነቱ ያገኘን ባዶ እጃችንን ነው። መቄት የተቋረጠ ሥራ አላት፤ ሰላም ሲመጣ የምትቀጥለው። እኛ የምንቀጥለው ምን አለን? በእነዚያ የሰላም ዓመታት ጎረምሶቻችን ሰሊጥ ሊያጭዱ መተማና ሁመራ ወረዱ፤ ሴት ልጆቻችን ዓረብ አገር ተሰደዱ። ስንቅ ቋጥረን፣ መርቀን ሸኘናቸው። አንዱም «ለምን እዚህ ሥራ አልፈጠራችሁልንም?» ብሎ አልጠየቀንም። ቢጠይቀን ኖሮ መልሳችን ምን ነበር? ተራራ አጣን? ጉልበት አጣን? እንግዳ አጣን? አንዱንም አላጣንም። ስብሰባ መጥራት ሰንፈን ነው።