የጌዴኦ ጓሮና ጉዝጓዙ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ዲላ ከተማ የደረሰ መንገደኛ፥ ከዚያ ወደ ይርጋ ጨፌ ሲያልፍ በግራና በቀኝ የሚያየው ዳገት ሁሉ ዛፍ የለበሰ ነው። ዱር ይመስለዋል እንጂ የሰው ጓሮ ነው። ከላይ ታላላቅ ዛፎች፥ ከበታቻቸው እንሰት፥ ከእንሰቱም ሥር ቡና ይበቅላል። ዩኔስኮም በመስከረም 2016 ዓ.ም. ይህን የጌዴኦን ምድር በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፎታል።

እኔን ግን ከዛፉ ይልቅ ያስደነቀኝ ከእግሬ በታች ያለው ነው። ባዶ አፈር አይታይም። የረገፈው ቅጠል፥ የተነቀለው አረም፥ የተቈረጠው የእንሰት ቅጠል፥ እኛ በበዓል ቀን ለእንግዳ ቄጤማ እንደምንጐዘጕዝ ሁሉ ለምድሪቱ ተጐዝጕዞላታል። ስለ ምን እንደማይጠረግ ብጠይቃቸው አንዲት ባልቴት፥ «ልጄ፥ እኔ ቅጠሉን ብጠርገው ዝናሙ አፈሩን ይጠርግብኛል» ብለው መለሱልኝ፤ ቅጠሉንም ገለጥ አድርገው ጥቁርና እርጥብ የሆነውን አፈር አሳዩኝ። በፍርድ ቤት ጸሓፊነቴ ስለ አንድ ክንድ ድንበር ዓመታት የተሟገቱ ጎረቤታሞችን ቃል ጽፌአለሁ፤ ጐርፍ ስለ ወሰደበት አፈር አቤት ያለ ሰው ግን አላየሁም።

በከተማ ብዙዎቻችን መደቡን ራቁቱን አስቀርተን ቅጠሉን እናቃጥላለን፤ ይህም ንጽሕና ይመስለናል። ጉዝጓዝ ግን ፀሐይ እርጥበቱን እንዳትመጠው ይጋርዳል፥ የጠብታውን ኃይል ይሰብራል፥ አረሙን ያፍናል፤ በስብሶም አፈሩን ያፋፋል።

መጐዝጐዝ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መደቡን ይረም፥ ውሃም በሚገባ ያጠጣ። ዘር የዘራ እንደ ሆነ ቡቃያው ወጥቶ እስኪጠነክር ይቈይ። ከዚያም የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል አራት ጣት ያህል ያንጥፍ፤ ጭዱን ነፋስ እንዳይወስደው ውሃ ይርጭበት። ከዚህ አብልጦ መከመር ግን ቀላል ዝናም ወደ ሥሩ እንዳይደርስ ይከለክላል። የጎመኑንም ሆነ የቃሪያውን ግንድ አያስነካው፤ በዙሪያው አንድ ጋት ክፍት ካልተወለት እርጥበቱ ግንዱን ያበሰብሰዋል። ዘር የያዘ ሣር አይጐዝጐዝ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልም ቡቃያን ስለሚጐዳ ቢቀር ይሻላል። በክረምት ቀንድ አውጣ ከሥሩ ይሸሸጋልና ልጆች ማለዳ ገለጥ እያደረጉ ይልቀሙት። ጉዝጓዙ በስብሶ ሲሳሳ አሮጌውን ሳያነሡ አዲሱን ከላዩ መጨመር ነው።