እንደገና አፍ መፍታት

በሚቀጥለው ክረምት ወደ ውጭ አገር ሄዳችሁ ቋንቋ እየተማራችሁ የሥራ ልምምድ ለማድረግ ያሰባችሁ ወጣቶች፣ ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለእናንተ ነው። የመሄድ ሐሳብ የሌላችሁም አትለፉት፤ ወደ መጨረሻው ላይ የእናንተም ድርሻ አለ።

ስለ እንዲህ ዓይነት ጉዞ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሁለት ነገር ነው። አንዱ «ለሥራ ማመልከቻ ይጠቅማል» የሚል ነው። ሌላው በእኛ በቤተ ክርስቲያን ልጆች ዘንድ የሚዘወተረው «ሄደን እንርዳቸው» የሚለው ነው። ሁለቱም ክፉ አይደሉም። እኔ ግን ከጓቴማላ አሥር ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ይዤ የመጣሁት ሦስተኛ ነገር ነው። ቋንቋ የማያውቅ ሰው ሆኖ ከሰው መካከል መቀመጥ ምን እንደሚመስል አውቄ መጣሁ።

ከአዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ወደ ሜሪላንድ ስንመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እንግሊዝኛው ለእኔ ቶሎ ገባኝ፤ ለእናቴ ዘገየባት። ስለዚህ ደብዳቤ የማነብላት፣ ስልክ የማነሳላት፣ ሐኪም ቤት አብሬያት ገብቼ የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ። የስደተኛ ልጆች የሆናችሁ ይህን ኑሮ ታውቁታላችሁ። እኛ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ላንግሊ ፓርክ ሩቅ አይደለም፤ እዚያ ደግሞ የጓቴማላና የኤል ሳልቫዶር ሰዎች በብዛት ይኖራሉ። ነርስነት ስማር ለልምምድ በተመደብኩበት ክሊኒክ የሚመጡት ሕሙማን ብዙዎቹ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ነበሩ። ስለዚህ አራት ሳምንት ቋንቋ፣ ስድስት ሳምንት የክሊኒክ ልምምድ የሚል ዕድል ሲመጣ አላመነታሁም።

ቋንቋውን የተማርኩት አንቲጓ በምትባል ከተማ ነው። በስፔን ዘመን የአካባቢው ዋና ከተማ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1773 የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሳትና መንግሥቱ መቀመጫውን ዛሬ ጓቴማላ ሲቲ ወደምትባለው ቦታ አዛወረ። የፈረሱት አብያተ ክርስቲያናት ግን እስከ ዛሬ በየመንገዱ ዳር ቆመዋል። ሦስት እሳተ ገሞራዎች ከተማዋን ያዩአታል፤ ከእነርሱ አንዱ ፉዌጎ እስከ አሁን ይሠራል፤ ቀን ጭሱ፣ ማታ እሳቱ ከጣሪያ ላይ ይታያል።

ትምህርቱ አንድ መምህር ለአንድ ተማሪ ነው። አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ። ከኋላ ወንበር ተደብቆ ማሳለፍ የለም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከምታርፉበት ቤተሰብ ጋር ናችሁ፤ ቁርሱም ምሳውም እራቱም እዚያው ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ለሆናችሁ አንድ የምሥራች ልንገራችሁ፦ ስፓኒሽ ከምትገምቱት በላይ ይቀርባችኋል። «ኘ» የምንለው ድምፅ አለው። ማጥበቅና ማላላትም ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይሆንብንም። «ፔሮ» ሲላላ «ግን» ነው፤ «ፔርሮ» ብላችሁ ር-ን ስታርገበግቡት «ውሻ» ይሆናል። እኛም «አለ» ብለን ስናላላው «ተናገረ»፣ ስናጠብቀው «ይገኛል» ማለታችን አይደል? «መሆን» የሚለውንም «ሴር» እና «ኤስታር» ብለው ለሁለት ይከፍሉታል። አብረውኝ የነበሩ አሜሪካውያን ተማሪዎች በዚህ ሲጨነቁ፣ እኔ «ነው» እና «አለ» የሚሉትን እያሰብኩ ግማሹን መንገድ ተሻገርኩ። ራሱን ያመመው ሰው «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ይላል። «ራሴን ያመኛል» እንደምንለው ሁሉ ታማሚው ሕመሙ የሚደርስበት ነው እንጂ አድራጊ አይደለም። አክብሮትም አላቸው፤ ጓደኛ ለጓደኛ «ቦስ»፣ ለታላቅና ለማያውቁት ሰው «ኡስቴድ»። «አንተ» እና «እርስዎ» ብለን ላደግን ይህ ከባድ አይደለም። የቤቱን እናት «ዶኛ» ብዬ እጠራቸው ነበር፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው።

ገበታቸውም አላስጨነቀኝም። ከበቆሎ የተጋገረች ትኩስ ቶርቲያ በጨርቅ ተጠቅልላ ትቀርባለች፤ ጥቁሩን ባቄላ በእሷ እየቆረሱ ነው የሚበሉት። እንጀራ በእጁ የቆረሰ ሰው ለዚህ ማንኪያ አይጠይቅም። በልቶ የጨረሰ ሰው ከገበታው ሲነሣ ሁሉንም ያመሰግናል፤ የቀሩት «ቡዌን ፕሮቬቾ» ይሉታል። ይህን ልማድ ስለ ወደድኩት ቤቴም ይዤው መጥቻለሁ።

ይህ ሁሉ እያለ ግን ሁለተኛው ሳምንት ከበደኝ። በአማርኛ ተጫዋች ነሽ ይሉኛል። በእንግሊዝኛም ክርክር አልፈራም። በስፓኒሽ ግን ቀልድ አልነበረኝም። ገበታ ላይ ሰባት ሰው ይስቃል፤ እኔ ምን እንደተባለ እስኪገባኝ ወሬው ሦስት ነገር ተሻግሯል። የዶኛ የአራት ዓመት የልጅ ልጅ አነጋገሬን ያርመኝ ነበር። «ምን ትፈልጊያለሽ?» ሲሉኝ የምፈልገውን ሳይሆን ቃሉን የማውቀውን እመልስ ነበር። ሻይ አምሮኝ ውኃ የጠጣሁበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ቀን ዶኛ ለጎረቤታቸው ስለ እኔ ሲያወሩ የሰማሁት ተገባኝ፦ ጥሩ ልጅ ናት፣ ዝምተኛ ናት።

ዝምተኛ! እኔን የሚያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል። በዚያች ሌሊት ግን ያሰብኩት ስለ ራሴ አልነበረም። እናቴ በሥራ ቦታዋ ለዓመታት «ዝምተኛዋ» ተብላ የምትታወቅ ሴት ናት። በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ውስጥ ያያት ግን ሰውን በሳቅ እንደምትገድል ያውቃል። ሁለቱ አንዲት ሴት ናቸው። ልዩነቱ የቋንቋ ብቻ ነው።

ከአራት ሳምንት በኋላ ከአንቲጓ ወጣ ባለ መንደር ወዳለው ክሊኒክ መመላለስ ጀመርኩ። የምሳፈረው በእነርሱ አጠራር «ካሚዮኔታ» ነው። አሜሪካ ውስጥ ተማሪ ሲያመላልሱ ያረጁ ቢጫ አውቶቡሶች ወደዚያ ሄደው በቀይና በአረንጓዴ ቀለም አጊጠው እንደገና ይሠራሉ። ሥራዬ ሕፃናትን መመዘን፣ ቁመታቸውን መለካትና መመዝገብ ነበር። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ግን በ2014 እና 2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የጓቴማላ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ሳያገኙ የቀሩ ነበሩ። ስለዚህ እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር በጥንቃቄ መለካት አለባት።

በስፓኒሼ መተማመን የጀመርኩት እዚያ ነው፤ በቂ አለመሆኑን የተረዳሁትም እዚያው ነው። በጓቴማላ 22 የማያ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በአንቲጓ ዙሪያ ያለው ካክቺኬል ይባላል። አንድ ጠዋት በእጅ የተሸመነ ልብሳቸውን የለበሱ አንዲት አሮጊት አሥር ዓመት ከሚሆናት የልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ነርሷ በስፓኒሽ ትጠይቃለች፣ ልጅቷ ወደ ካክቺኬል ትመልሳለች፤ አያቷ ይመልሳሉ፣ ልጅቷ ወደ ስፓኒሽ ታመጣዋለች። ከዚያ ነርሷ ስለ ማህፀን አንድ ጥያቄ ጠየቀች። ልጅቷ ዝም አለች። ወለሉን አየች፤ አያቷን አየች፤ እንደገና ወለሉን አየች።

ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። በአሥር ዓመቴ አንድ ሐኪም ለእናቴ ስለ ማህፀኗ ሲያስረዳ እኔ ቃሉን በእንግሊዝኛ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ በአማርኛም አላውቀውም ነበር። ልጅ የሌለውን ቃል ከየት ያመጣል?

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልጅቷን አመስግና ወደ ውጭ እንድትወጣ ነገረቻትና ካክቺኬል የምትናገረውን የጤና ሠራተኛ አስጠራች። አርባ ደቂቃ ጠበቅን። እኔ የታዘዝኩት ከልጅቷ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ እንድቀመጥ ነው። ወሬ ከየት ይጀመራል? በእጄ ወደ ውሻ፣ ወደ ዛፍ፣ ወደ ደመና አመለከትኩ፤ እሷ በቋንቋዋ ነገረችኝ፤ ስደግመው ሆዷን ይዛ ሳቀች። አንዱን ብቻ አልረሳሁትም። «ማትዮሽ» ማለት «አመሰግናለሁ» ማለት ነው። አያቷ ከውስጥ ምን እንዳሉ አላውቅም፤ ማወቅም የእኔ ድርሻ አልነበረም። ሲወጡ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ልጅቷም ምንም የከበደ ነገር ሳትሸከም እጃቸውን ይዛ ሄደች።

ማታ ለእናቴ ደወልኩና ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ «አንቺ ስታስተረጉሚ እኮ እኔ ሐኪሙን አልነበረም የማየው» አለችኝ። «ያንቺን ፊት ነበር የማየው። ፊትሽ ከጠቆረ ነገሩ ከባድ ነው እላለሁ፤ ከዚያ አንቺ እንዳትደነግጪ እስቃለሁ።» እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ እናቴ በሐኪም ቤት የምትስቀው ስላልገባት ይመስለኝ ነበር።

የቋንቋ ነገር ለዚያ አካባቢ ቤተ ክርስቲያንም አዲስ አይደለም። ካሜሮን ታውንሴንድ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1917 የስፓኒሽ መጽሐፍ ቅዱስ ሊሸጥ ጓቴማላ ገባ። የሚያገኛቸው ካክቺኬሎች ብዙዎቹ ስፓኒሽ በሚገባ የማይችሉ ሆነው አገኛቸው። መጽሐፎቹን ይዞ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ይችል ነበር፤ እሱ ግን ተቀምጦ ቋንቋቸውን ተማረ። አዲስ ኪዳንን ወደ ካክቺኬል ተርጉሞ የጨረሰው በ1929 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ማለት ነው። እኛ በአሥር ሳምንት «ባህሉን አወቅሁት» ስንል ይህን ማስታወስ ደግ ነው።

እንግዲህ ለምትሄዱ ጥቂት ምክር ልስጣችሁ። አንደኛ፣ ከቤተሰብ ጋር እረፉ፤ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተሰብስባችሁ አትኑሩ፤ አማርኛና እንግሊዝኛ ከተገኘ ምላስ ወደሚቀልለው ይሄዳል። ሁለተኛ፣ በልምምዱ ቦታ አገራችሁ ቢሆን የማይፈቀድላችሁን ነገር እዚያም አታድርጉ። መርፌ መውጋት ያልተማረ ተማሪ የድሀ አገር ክንድ መለማመጃው አይደለም። የተሰጣችሁ ሥራ ሕፃን መመዘን ከሆነ በደንብ መዝኑ። ሦስተኛ፣ እሑድ ከአካባቢው ምእመናን ጋር አምልኩ። ስብከቱ ሲሶው ብቻ ቢገባችሁ አይክፋችሁ። በሩ ላይ «ዲዮስ ሌ ቤንዲጋ» ብለው እጃችሁን ሲጨብጧችሁ «ተባረኪ» የተባላችሁ ያህል ይሰማችኋል። አራተኛ፣ ቡና ይዛችሁ ሂዱ። እነርሱም የቡና አገር ሰዎች ናቸው፤ የኢትዮጵያን ቡና ቆልታችሁ ስታሸቷቸው ግን ስለ አገራችሁ የምትነግሯቸው ቃል ባይኖራችሁም ወሬ ይጀመራል።

አሁን ወደማትሄዱት ልምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች አሉ። አዲስ አበባ ሆስፒታል መተላለፊያ ላይ አማርኛ ሳይችሉ ከገጠር ለሕክምና የመጡ እናት ዛሬም ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸውም ምናልባት አንድ ልጅ አለ። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ፦ ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ከ2016 ጀምሮ የፌዴራል ደንብም ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጅን ማስተርጎሚያ ማድረግን ይከለክላል። ይህን ለቤተ ክርስቲያናችሁ እናቶች ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ አያውቁም።

እኛም ቤት አንዲት ሴት አሉ። አያቴ ዎላይትኛ ይናገራሉ፤ አማርኛቸው እንግዳ ሲመጣ የሚወጣ ነው። በስልክ ሲያገኙኝ «ደህና ነሽ? እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ዝም ይላሉ፤ እኔም ዝምተኛ ናቸው ብዬ ነበር ያደግሁት። በዚህ ክረምት ትኬት አልቆረጥኩም። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ እናቴና እኔ ከጠረጴዛው ወዲያና ወዲህ እንቀመጣለን። አንዲት መምህር፣ አንዲት ተማሪ፣ ሁለት ወንበር። ባለፈው ሳምንት ለአያቴ ደውዬ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። ሁለቱን አረሙኝ፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወሩ።