ታንጎና የወለሉ ስፋት

አንባቢ ሆይ፤ ታንጎ ለመማር የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ከስልቶቹ ሁሉ የሚያምረው የትኛው ነው?» ብሎ ነው። እርስዎም ይህንኑ አስበው እንደ ሆነ፣ ጥያቄውን ለጊዜው ያቆዩትና የሚደንሱበትን ወለል በዓይንዎ ይለኩ።

ታንጎ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቡዌኖስ አይረስና በሞንቴቪዴዎ ከተሞች የተወለደ ዳንስ ነው። ለታንጎ የሚሰበሰቡበት ምሽት ሚሎንጋ ይባላል። እዚያ ጥንዶቹ ከሰዓት መርፌ አካሄድ በተቃራኒ በወለሉ ዙሪያ ተከታትለው ይዞራሉ። ስለዚህ አንዱ ሲቆም የኋላው ይቆማል፤ አንዱ ሳያይ ወደ ኋላ ቢረግጥ ደግሞ የማንን እግር እንደሚያገኝ አይታወቅም። የሴቶች ጫማ ተረከዝ ምን ያህል ቀጭን እንደ ሆነ ያስታውሱ።

በቡዌኖስ አይረስ እምብርት በነበሩት ሰው በሚበዛባቸው አዳራሾች የቦታው ማነስ ራሱ አንድ ስልት አስተማረ፤ ይኸውም ዛሬ ሚሎንጌሮ የሚባለው ነው። ጥንዶቹ ደረት ለደረት ተጠጋግተው፣ አጭር አጭር እየረገጡ፣ እግራቸውን ከወለሉ ብዙም ሳያነሡ ይደንሳሉ። ከዳር ሆኖ ለሚመለከት «ምን ሠሩ?» ያሰኛል፤ ሥራው ያለው ግን በእቅፉ ውስጥ ነው። እስክስታ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ትከሻ ሊናገር ሲችል እግር ባለበት ቢቆይ ምን ይጎድላል? አልጋና ጠረጴዛ ሞልቶት ጥቂት ክንድ ወለል ብቻ በተረፈው የኪራይ ክፍል ውስጥ እንኳ ይህን ስልት መለማመድ ይቻላል።

ቪላ ኡርኪሳ በሚባለው ሰፈር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ የሰንደርላንድ ክለብ ሚሎንጋ ሲደረግ የኖረው በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ስለ ሆነ፣ ለረጅም እርምጃ ቦታ አለ። የዚህ የሳሎን ስልት ዋናው ጌጥ አካሄድ ነው፤ እቅፉም ለመዞር ሲፈለግ ላላ ብሎ መልሶ ይጠብቃል።

ከዚህ ሌላ የመድረክ ታንጎ አለ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1983 በፓሪስ፣ በ1985 ደግሞ በኒው ዮርክ የታየው «ታንጎ አርሄንቲኖ» የተባለው ትርኢት ይህን ዳንስ በዓለም እንደ ገና አስወደደ። ብዙ ሰውም ያየውን ሁሉ፣ በጓደኛ እግር መካከል እግርን እንደ መንጠቆ መወርወሩን ጭምር፣ ወደ አዳራሽ ይዞ ሊገባ ተመኘ። ነገር ግን በመድረክ ላይ ያሉት ጥንዶች የኋላ ጎረቤት አያስጨንቃቸውም። በቡዌኖስ አይረስ ከ2003 ጀምሮ በሚደረገው የዓለም ውድድር እንኳ የመድረኩና የወለሉ ታንጎ ለየብቻ ይዳኛሉ፤ በወለሉ ውድድር መንጠቆና ዝላይ ክልክል ነው። ለእኔ ይህ ሕግ ልክ ነው፤ ያንዱን ጌጥ ሌላው በቁርጭምጭሚቱ ሊከፍልለት አይገባም።

ቦታው ከፈቀደ በኋላ ግን ጠባይዎ ይምረጥ። የሁዋን ዳሪየንሶ ኦርኬስትራ ምቱ የጎላ ስለ ሆነ አጭርና ፈጣን እርምጃ የሚወድ ሰው ይደሰትበታል፤ እኔ በበኩሌ ረጋ ያለውን የካርሎስ ዲ ሳርሊን ሙዚቃ እየሰሙ በሰፊ ወለል መራመዱን እመርጣለሁ።

ደግሞም የሚደንሱት ብቻዎን አይደለም። ደረት ለደረት መቅረብ የማይወድ ሰው አለ፤ እንዲህ ሲሆን የእቅፉ መጠን የሚቆረጠው መራቅ በፈለገው ሰው ፈቃድ ነው። ጥሪው በዓይንና ራስን ነቅነቅ በማድረግ ከሩቅ የሚቀርበውም የማይፈልግ ሰው ያለ ኀፍረት ፊቱን እንዲያዞር ነው።

አዳራሽ ሲገቡ ወዲያው አይነሡ። ታንጎ የሚመታው በሦስት ወይም በአራት ዘፈን ተከፍሎ ነውና፣ የመጀመሪያውን ክፍል ተቀምጠው ይመልከቱ። ከፊትዎ የሚያልፉት ጥንዶች ሳይቆሙ ሦስት ረጅም እርምጃ መሄድ ካልቻሉ፣ የዚያን ሌሊት ስልት ወለሉ መርጦልዎታል።