ታዲያ ምኑን ነው የምትሸጪው?

ዛሬ ባዛሩ ላይ አንድ ጋሼ መጡ። ዣንጥላቸውን አራገፉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ በማርከር የጻፍኳትን ካርቶን ጮክ ብለው አነበቧት። «የጾም ኩኪስ። እንቁላል የለውም። ወተት የለውም። ቅቤ የለውም። ስንዴ የለውም።» ቀና ብለው አዩኝና፣ «ታዲያ የኔ ልጅ፣ ምኑን ነው የምትሸጪው?»

አጠገቤ ሻማ የምትሸጠው ልጅ ሳቋ አልታገስ ብሏት ጠረጴዛ ሥር ገባች። እኔም ሳቅሁ። አንድ አንስቼ ሰጠኋቸው። ቆመው በሉ። ሁለተኛውን ሳልጋብዛቸው ራሳቸው አነሱ። «ሎሚ አለው... ሎሚና... ቆይ፣ ይሄን ሽታ አውቀዋለሁ።» ጦስኝ ነው አልኳቸው። «ጦስኝማ ሻይ ነው!» ብለው ተቆጡኝ፤ ተቆጥተው ሲያበቁ ግማሽ ኪሎ አስመዝነው ሄዱ። እግዜር ይስጣቸው፣ በዚያ ዝናብ ገበያውን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው።

ጥያቄያቸውን ግን ታክሲ ውስጥ ሳመላልሰው መጣሁ። ዕቃዬን እንኳ ሳላራግፍ ነው ይሄን የምጽፈው። ረጅም ጽሑፍ የማይወድ ከአሁኑ ይለፈኝ።

እንቁላልና ወተት መተውማ እኛ ዘንድ ሙያ ተብሎ አይወራም። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ የሐዋርያት፣ የነቢያት፣ አሁን ደግሞ ፍልሰታ፤ ተደምሮ ለምእመን እንኳ በዓመት 180 ቀን ገደማ ይሆናል። ግማሹን ዓመት በሽሮና በምስር በሚያድር አገር «የጾም ኩኪስ ፈለሰፍኩ» ብል የሰፈሩ እናቶች ይስቁብኛል። እርግጥ ጾምና ቬጋን ልክ አንድ አይደሉም። ቬጋን የሆኑት ደንበኞቼ ማር አይነኩም፤ እኛ በጾም ማር ስንልስ የሚቆጣን የለም። ስለዚህ ማሩን ትቼ በስኳር ነው የምሠራው፤ ሁሉም ይስማማል። ማርጋሪንም ቢሆን ዝም ብሎ የጾም አይደለም፣ የወተት ተዋጽኦ የሚገባበት አለ፤ ጀርባውን ሳታነቡ አትግዙ። እኔ የማደርገው የሱፍ ዘይት ነው። «ኑግ ሞክሪ» የምትሉኝ አላችሁ፤ ኑግ ሎሚውን ይውጠዋል፣ ተዉኝ።

የእንቁላሉን ሥራ ተልባ ይሠራዋል። የስንዴን ሊጥ አያይዞ የሚይዘው ግሉተኑ ነው፤ ጤፍ እሱ ስለሌለው ብቻውን ከጋገራችሁት ኩኪሱ እጃችሁ ላይ ይፈርሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ አሥር ደቂቃ ሲቆይ ይዝለገለጋል፣ ጤፉን የሚያያይዘው ያ ነው። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ይባላል እንጂ እኔ ቤት ተልባ ምጣድ ላይ ሲንጫጫ ከተሰማ ኩኪስ አለ ማለት ነው። ጎረቤቶቼ በጆሯቸው ያውቃሉ።

በአፍንጫቸው ያወቁበት ቀን ግን አይነሳ። መጀመሪያ የተጠቀምኩት ቅጠል ሮዝመሪ ነበር። ፈረንጆቹ ከሎሚና ከብርቱካን ጋር ያጋቡታል፣ ደስ ይላል፣ ግቢያችንም ውስጥ ሞልቷል። እኛ ግን ሮዝመሪን በምን እናውቀዋለን? በጥብስ! ሁዳዴ እኩሌታ ላይ ኦቨኑ ሲሞቅ ሽታው ደረጃውን ወርዶ ግቢውን ሞላው። የታች ቤቷን እትዬ ታውቋቸዋላችሁ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሬ ላይ ቆሙ። ምንም አላሉም። ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ «እግዚአብሔር ልብ ይስጥሽ» ብለው ገቡ። ትሪውን ይዤ ተከትዬ ባላስቀምሳቸው ኖሮ እስከ ፋሲካ ስሜ ጠፍቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጦስኝ። በሶብላ ሽሮ ሽሮ ይላል። ኮሰረት ያለ ቅቤ አይሆንለትም። ጤና አዳም ቡናውን ትቶ ወዴትም አይሄድም። ጦስኝ ግን፣ ያ በጣርማ በር መንገድ ዳር የሚሸጠው፣ ከእኛ ደጋ ውጭ የማይበቅለው ዝርያ፣ ደርቆም እጅ ላይ ሲታሽ ቤቱን ያውደዋል። ሎሚውን ከመቁረጣችሁ በፊት የላይኛውን ቀለሙን ብቻ በጥቃቅኑ ፋቁት፤ ነጩ ጋ ከደረሳችሁ ይመራል። የፋቃችሁትንና ጦስኙን ከስኳሩ ጋር በጣታችሁ እሹት። የሎሚ መዓዛ ያለው ልጣጩ ዘይት ውስጥ ነው፤ ስኳሩ እየፈተገ ያወጣዋል። ጭማቂው ሌላ ሥራ አለው፤ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ አረፋ ያነሳና ኩኪሱን ቀለል ያደርገዋል።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው። ስንዴው ጋ ስደርስ ግን ሳቄ ያልቃል።

ሚጣን የምታውቁ ታውቃላችሁ። የእህቴ ልጅ ሆዷ ይነፋል፣ ሰውነቷ ይቀጥናል፣ ቁመቷ አልጨምር አለ። የሄድንበት ሁሉ «ጃርዲያ ነው» ይሉናል። መድኃኒት። እንደገና «ጃርዲያ»። ከዚያ «አሜባ»። ከዚያ «ደም ማነስ ነው፣ ቀይ ሥር አብሏት»። እዚህ ከተማ ሆዱን ይዞ የሄደ ሁሉ ጃርዲያ ነው፤ ጃርዲያ ራሷ ብትሄድ «ጃርዲያ ይዞሻል» ብለው ይመልሷታል። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ናት «ዳቦ ስትበላ ይብስባታል?» ብላ የጠየቀችው። የደም ምርመራ፣ ከዚያ ኢንዶስኮፒ፣ ከአንጀቷ ናሙና ተወሰደ። ሴሊያክ። አለርጂ አይደለም፤ ግሉተን ሲገባ ሰውነቷ የራሷን ትንሹን አንጀት ነው የሚያጠቃው። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም። አለመብላት ነው፣ ዕድሜ ልክ።

«ጤፍ እያለላት ምን ቸገራት?» ብላችሁ ጽፋችሁልኝ ነበር ያኔ። እስቲ ቁጠሩት። ድፎ ዳቦው ስንዴ። ቂንጬው ስንዴ። ቆሎው ገብስ፣ በሶው ገብስ፤ ገብስም ግሉተን አለበት። የልደት ኬክ፣ የጸበል ጸዲቁ ዳቦ። የሱቅ እንጀራ «ንጹሕ ጤፍ» ተብሎ እየተማለበት ገብስ ሊገባበት ይችላል፤ በዚህ ዋጋ ጤፉን ማን ብቻውን ይጋግረዋል? የቁርባኑን ጉዳይ እናቷና ንስሐ አባታቸው ተነጋግረውበታል፣ እሱን እዚህ አላወጣውም።

ደግሞ ወፍጮ ቤቱ አለላችሁ! ጤፉ ውስጥ የገባ የስንዴ ፍሬ አያሳስብም፤ ጤፍ በወንፊት ያልፋል፣ ስንዴው ከላይ ይቀራል። ዱቄቱን ግን በምን ትለዩታላችሁ? ከእኔ በፊት ስንዴ የተፈጨበት ድንጋይ፣ ስንዴ የተቀበለ ቋት፣ ጣሪያው ድረስ የተለጠፈው ብናኝ። በአንድ ኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ግሉተን ያለበት ነገር በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ «ከግሉተን ነጻ» አይባልም። ያ ማለት ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የሚያስነጥስ ሰው የሚያራግፈው ይበቃል። ወፍጮ አስፈጪውን በጠዋት ሄጄ «ጋሼ፣ እባክዎ ሰኞ ከሁሉ በፊት ድንጋዩ ተጠርጎ የኔን ይፍጩልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እቴ፣ የኔ ወፍጮ ቆሻሻ ነው ነው የምትዪው?» ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዲቱ «ዘመናዊ ሆና ነው» አለች። ሕፃን ልጅ አንጀቷ ይቆስላል ብዬ እያስረዳሁ፣ «ስንዴ ማንን ገድሎ ያውቃል?» ተባልኩ።

እቁቤ የወጣ ጊዜ ሰው ፍሪጅ ይቀይራል፣ እኔ የቤት ወፍጮ ገዛሁ። ስንዴ አይቶ አያውቅም፣ አያይምም። እንዲህም ሆኖ ካርቶኔ ላይ «ስንዴ የለውም» ነው የምለው፤ ላቦራቶሪ አላስመረመርኩትም፣ ያላስመረመርኩትን አልጽፍም። «ከግሉተን ነጻ» የሚል ተለጣፊ እያሳተማችሁ በስንዴ ኦቨናችሁ የምትጋግሩ ግን፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ስለ ስንዴው ያወቀው ማን መሰላችሁ? ዊሌም ዲከ የሚባል የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ዳቦውን ይጠረጥር ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1944 ክረምት ሆላንድ ረሃብ ገባ፣ ዳቦ ጠፋ፣ ሕዝቡ የቱሊፕ አበባ ሥር እስከ መብላት ደረሰ። ሌላው ልጅ ሲመነምን እነዚያ ሆዳቸው የሚነፋ ሕመምተኞች ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ይሄን ሳነብ አልቅሻለሁ፤ ያ ሰውዬ በሕይወት ቢኖር አንድ ትሪ ኩኪስ እልክለት ነበር።

ትሪውን ደግሞ መልሼ እቀማዋለሁ፣ ምክንያቱም የዚያው አገር አንድ ኩባንያ በ2003 ተነስቶ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ግኝቴ ነው ብሎ አመለከተ፣ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት አጸደቀለት። የጤፍ! የዱቄት! ፈረንጅ ስንዴ የማይስማማው ብዙ መሆኑ ሲታወቅ ጤፍ ወርቅ ሆነች ማለት ነው። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ምንም የፈጠራ ሥራ የለበትም ብሎ እዚያው ሆላንድ ውስጥ ውድቅ አደረገው፤ ይበል። እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜስ? አያቴ ነጩን ከቀዩ ለይታ፣ አበጥራ፣ ነፍታ ስታስፈጭ የኖረችበት ምን ሊባል ነው? ሙከራ? ደግሞ ከሁሉ የሚያበሳጨኝ፣ እነሱ ፍርድ ቤት ድረስ የተካሰሱበትን እኛ ወፍጮ ቤት «ዘመናዊ ሆና ነው» እንባባልበታለን።

እሺ። ውሃ ጠጥቼ መጣሁ።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ሚጣን ይዛት ባዛሩ መጣች። ሻማ ሻጯ ልጅ ነገሩን አታውቅምና ከትሪው አንስታ «እንኪ የኔ ቆንጆ» አለቻት። ሚጣ እጇን ወደ ኋላ አደረገች። ልማዷ ነው፤ ሰው የሚበላ ነገር ሲሰጣት መጀመሪያ የምታየው እናቷን ነው። ልደት ቤት እንዲያ ናት፣ ትምህርት ቤት እንዲያ ናት፣ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ዳቦ ሲሻሙ እሷ ከረሜላዋን ይዛ ጥግ ትቆማለች። እህቴ «የአክስትሽ ነው እኮ» አለቻት። አፏን ሞልታ ጎረሰች። ቀጥላ ትሪውን ወደ ራሷ ሳበችና፣ «አንቺም ብዪ፣ የኔ ነው» ብላ ለሻማ ሻጯ ሰጠቻት። ከዚያ ለጌጣጌጧ ሴትዮ። ከዚያ ለጥበቃው። ለመንገደኛው ሁሉ «ብሉ፣ ብሉ» እያለች ታድል ጀመር፤ የምትሰጠው ኖሯት አታውቅማ። የሁለት ሰዓት ሒሳቤን በአምስት ደቂቃ ድምጥማጡን አጠፋችው። እህቴ ልትከለክላት ስትል እጇን ያዝኳት።

ልኬቱን ለምትጠይቁኝ፦ ሁለት ኩባያ የቀይ ወይም የሰርገኛ ጤፍ ዱቄት፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ያ ተልባ፣ የአራት ትናንሽ ሎሚ ልጣጭ፣ ሁለት ማንኪያ ጭማቂ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጦስኝ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ቁንጥር ጨው። ሊጡን ግማሽ ሰዓት አሳርፉት፤ ጤፍ ውሃውን ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው፣ ካልታገሳችሁት አሸዋ አሸዋ ይላል። 175 ዲግሪ፣ 12 ደቂቃ። እንደወጣ አትንኩት፣ እስኪቀዘቅዝ ይፈርሳል። በሶዳው ፋንታ ቤኪንግ ፓውደር የምታደርጉ፣ የስንዴ ስታርች ያለበት አለና ጀርባውን አንብቡ።

ተወደደ የምትሉኝ የወፍጮውን ታሪክ መልሳችሁ አንብቡት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የምትሉ ደግሞ ሌላ ሰው ገጽ ላይ ተከራከሩ።